ጎጆው የት ነው?

ንብረት አርብ ጧት ሩዙን ሊያይ ከቁሐር ሚካኤል ቁልቁል ሲወርድ፣ ደንገሉ አጠገብ ካለው ቦይ ዳር ነጭ ነገር አየ። ሳቢሳ መሰለው። ቀረብ ሲል ግን አልበረረም። ጋቢ ነበር፤ ከጋቢው ጫፍ ጭቃ የጠጡ ሁለት ቦት ጫማዎች ወጥተዋል። ንብረት ጋቢውን በራስጌ በኩል ገለጥ አድርጎ አየ፤ መልሶ ሸፈነ፤ ከዚያ ኡኡታውን ለቀቀው።

ኢንስፔክተር ሰገን ከደብረ ታቦር ስትደርስ ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። መስከረም ቢጋመስም የፎገራ ሜዳ ውኃውን ገና አልጨረሰም፤ በሩዙ መሐል መሐል ሰማይ ይታያል። ሰገን ባሏ ከሞተ ዓመት ሲሞላ ጥቁሯን አውልቃለች። የቀረውን ሐዘን ሰው አያየውም፤ እሷም አታሳይም።

ሳጅን አለኸኝ ቦዩ ዳር ቆሞ ጠበቃት።

«ሟች መምህር ደሞዝ ይባላሉ፣ ኢንስፔክተር። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ እኔንም አስተምረውኛል። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ወረታ ዳር ብቻቸውን ነበር የሚኖሩት። ሥራቸው ወፍ ነበር።»

«ወፍ ማርባት?»

«ማየት! ቴሌግራም ላይ ማኅበር አላቸው፣ ‹የፎገራ ወፍ ወዳጆች› የሚባል። አይበሉት፣ አይሸጡት፤ ጭቃ ውስጥ ተኝተው ያዩታል፣ ፎቶ ያነሡታል፣ ከዚያ ስለሱ ሲያወሩ ይውላሉ።» ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «ነገሩ አልቋል፤ ገዳዩን ይዣለሁ። ማረው የሚባል ፎቶ አንሺ ነው። በማኅበሩ ፊት ሲሰድባቸው ከርሟል። ሰኞ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

ሰገን ሬሳው ላይ ጎንበስ አለች። የመምህሩ ግራ ጆሮ ግንድ ላይ ሰንበር አለ፤ የቦዩ መክፈቻ ድንጋይ ጠርዙ ሹል ነው። የለበሱት ጥቁር አረንጓዴ ካፖርት እስከ አንገቱ ርሷል። ከውኃው እስከ ሬሳው ድረስ ተረከዝ ያሰመረው ሁለት መስመር ይታያል። ስልካቸው የለም።

«ይህ ጋቢ የማን ነው?»

«የራሳቸው ነዋ። ጧት ጧት ይበርዳል።»

«ካፖርታቸው ሊጨመቅ ደርሷል፣ ጋቢው ግን ካፖርቱን ከነካው በኩል በቀር ደረቅ ነው። ውኃ ውስጥ የገቡት ያለ ጋቢ ነው። ሰው ከውኃ ጎትቶ አወጣቸውና ፊታቸውን ሸፈነ።» ቀና አለች። «አለኸኝ፣ የምትጠላውን ሰው ውኃ ውስጥ ብትጥለው፣ ተመልሰህ አውጥተህ ጋቢህን ታለብሰዋለህ?»

ሳጅኑ ጋቢውን ዳሰሰ። አጠገባቸው የቆመው ንብረት ነገር እንዳለው ያስታውቃል። «እታለም» አላት፣ «ረቡዕ ዕለት በመኪና የመጡ ሰዎች ሩዜን ረጋግጠውት ሄደዋል። ካሜራ ይዘዋል። ‹ጎጆው የት ነው? የባለ ዘውዷ ሽመላ ጎጆ የት ነው?› ይሉኛል። የምን ጎጆ? እኔ ዘንድሮ በዚህ ደንገል ላይ አንዲት ባለ ዘውድ አላየሁም። ‹ከቁሐር ሚካኤል በታች፣ ደንገሉ ጋ ይላል› ብለው ስልካቸውን ያሳዩኛል።»

ሰገን ያቺን ጥያቄ ያዘቻት፤ ጎጆው የት ነው?

ማረው ወረታ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። ስሟን ሲሰማ ግን ሳቅ አመለጠው።

«ሰገን? በስመ አብ! ወፍ ራሷ ልትመረምረን መጣች።»

«ቀልድ ታበዛለህ ይላሉ።»

«ካልቀለድሁ ማልቀሴ ነው፣ ኢንስፔክተር። ጋሽ ደሞዝን ‹ወፎቹን ኪስዎ ውስጥ ቆልፈው ሊይዟቸው ነው?› ብያቸዋለሁ፤ እክዳለሁ እንዴ? ሁሉም አንብቦታል። ግን ሰው በዚህ ይገደላል?»

«በምን ነበር የተጣላችሁት?»

«በቦታ። የት እንሰብሰብ በሚል። እኔ ‹ከቴሌግራም እንውጣ፣ ፌስቡክ ላይ ገጽ እንክፈት› አልሁ። እዚህ በሩ ዝግ ነው፤ ያሉት ካላስገቡ ማንም አይገባም። እኛው ለእኛው ‹ጎሽ፣ ጎሽ› ስንባባል እስከ መቼ? ገጽ ቢኖረን የጎንደር ሰው ያየናል፣ የባሕር ዳር ሰው ያየናል። እሳቸው ደግሞ ‹ወፏን ሁሉ ሰው ያያት ቀን እንቁላሏ ያልቃል› ይላሉ። መባና መሪጌታ ከሳቸው ጋር ሆኑ። ባየህማ ከሁሉ ብሶ፣ ‹የሚወጣ ካለ ብቻውን ይውጣ› ብሎ ጻፈ። አንድ ለአራት ቀረሁ። ድምፅ የሚሰጠው ተነገ ወዲያ፣ እሁድ ነበር።»

«ወፍ ልታዩ ስትሄዱ ምን ትለብሳላችሁ?»

ማረው ጥያቄው ገረመው። «ነጭ ካልሆነ የፈለግነውን። የማኅበሩ አንደኛ ሕግ ናት፤ ነጭ ለብሶ ጎጆ የቀረበ ሰው ይባረራል። ባለ ዘውዷ ነጭ ካየች እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች ይሉናል ጋሽ ደሞዝ። የአክስቴ ልጅ ሰርግ ዕለት እንኳ ነጩን ሱሪዬን አስወልቀውኛል።»

«ጎጆው የት ነው?»

ፊቱ ተለወጠ። «እሱ አደራ ነው።»

«አደራ የሰጡህ ሰው ሞተዋል፤ አንተ ታስረሃል።»

አግዳሚውን በጥፍሩ ፋቀ። «ርብ ዳር» አለ በመጨረሻ። «የተሰበረው ድልድይ ጋ። የነገሩኝ ለእኔ ብቻ ነው። እንዲያ ስሰድባቸው ከርሜ ለእኔ ብቻ መንገራቸው… ከዚያ ወዲህ አንድ ክፉ ቃል አልጻፍሁም፤ እዩት።»

ስልኩን ወስዳ አየችው። እውነቱን ነበር።

ከጣቢያው ወጥታ የመምህሩን ቤት አስከፈተች። አንድ አልጋ፣ አንድ ስኒ፣ በመስኮቱ በኩል ወደ ሜዳው የዞረ አንድ ወንበር። ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ነጭ ጋቢ ተሰቅሏል፤ ታጥቦ፣ ታጥፎ። ሰገን ወንበሩ ላይ ጥቂት ተቀመጠች። ቤቱ የለመደችው ዓይነት ጸጥታ ነበረው።

መሪጌታ እንግዳው በቁሐር ሚካኤል ዜማ ያስተምራሉ። ቅዳሜ ጧት ስትደርስ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው ዛፍ ስር ተቀምጠዋል፤ የወንድማቸው ልጅ የሰጣቸው ዘመናዊ ስልክ ጭናቸው ላይ ነው።

«መጀመሪያ ይንገሩኝ» አሏት፤ «ነፍሳቸው ስትወጣ ብቻቸውን ነበሩ?»

«አላወቅሁም፣ መሪጌታ።»

«ብቻ መሞት ክፉ ነው።» አንገታቸውን ነቀነቁ። «እኔ በዚህ ማኅበር የገባሁት በድምፅ ነው። መጻፉን ጣቴ እምቢ አለኝ። ባለ ዘውዷ በሌሊት ስትጮህ እቀርፅና እልካለሁ። እሳቸው ደግሞ ሲደርሳቸው ‹ይህቺ ዜማዋ ግዕዝ ነው ዕዝል?› ብለው ይቀልዱብኛል።»

«ስለ ቦታው ክርክር ምን አሉ?»

«ቤት ሲሠራ መጀመሪያ የሚታሰበው በሩ ነው አልኋቸው። ሰፊ በር ብርሃን ያስገባል፤ ውሻም ያስገባል። ያለ በር ደግሞ መቃብር ነው። መሐሉን ፈልጉ አልሁ። ማን ይሰማኛል? ድምፄ ይረዝማል ብለው እስከ መጨረሻው አያዳምጡኝም።»

ሰገን ፈገግ አለች። «እሁድ ድምፅ ልትሰጡ ነበር አሉኝ።»

«አዎን፣ ከጥሪው በኋላ። የእሁድ ጥሪያቸውን አልነገሩዎትም? የመምህሩ ሰፈር ኢንተርኔት የለም። ሐሙስ ሐሙስ መሐል ከተማ ሲወጡ መልእክታቸውን ጽፈው፣ እሁድ ቅዳሴ ስንወጣ እንድትደርሰን ቀጠሮ ይሰጧታል። ስልኩ ቢዘጋ እንኳ ቴሌግራሙ ራሱ ጠብቆ ይልካታል አሉ። ቀርታ አታውቅም፤ ደወላችን ናት።»

ሰገን ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ቀጥሎ ያችኑ ጥያቄ ጠየቀች።

«ጎጆው?» መሪጌታ ዙሪያቸውን አዩ። «ወላላ፣ ረግረጉ ዳር። ሁለት ግራሮች በተቃቀፉበት። ለእኔ ብቻ ነው የነገሩኝ፤ እርስዎም እንዳያወጡት።»

ሐሙሲት መድኃኒት ቤት የምትሠራው መባ ደግሞ ሰገንን ስታይ የያዘችው ብልቃጥ ወደቀባት። ብልቃጡ አልተሰበረም፤ እሷ ግን ተሰበረች። እስክትረጋጋ ሰገን ከመደርደሪያው ማዶ ቆማ ጠበቀች።

«ማረው አይደለም» አለች መባ ዓይኗን እየጠረገች። «ማረው አፉ ነው እንጂ እጁ ዝንብ አያባርርም።»

«አንቺ ቴሌግራም ይሁን ያልሽው ለምንድን ነው?»

«ፌስቡክ ከሆነማ እኔ የለሁበትም፣ እትዬ። ወንድሞቼ ያዩኛል። ‹ታገባለች ስንል ወፍ ታያለች!› ብለው አንበሳሜ ድረስ ያወሩብኛል። እዚህ ዝግ ቤት ውስጥ ግን እኔም ሰው ነኝ፤ ጋሽ ደሞዝ ‹ዶክተር መባ› ይሉኛል።»

«ጎጆው የት ነው?»

«ሸሸር፣ መብረቅ የመታው ዋንዛ ጋ» አለች ወዲያው። ከዚያ ደነገጠች። «ለእኔ ብቻ ነበር የነገሩኝ! ለማየት እንኳ አልታደልሁም። ረቡዕ ሄጄ ዋንዛውን ሦስት ጊዜ ዞርሁት፤ እረኞቹ ‹በሬ ጠፋብሽ?› እያሉ ሳቁብኝ። ምንም የለም። ጋሽ ደሞዝን እንዳልጠይቃቸው፣ ‹ዓይን የላትም› እንዳይሉኝ አፈርሁ። ሐሙስ ለባየህ ስደውልለት እሱ እንኳ አልሳቀብኝም፤ ዝም አለ። ያለ ወትሮው ዝም አለ።»

ባየህ ወረታ ውስጥ አንድ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ሒሳብ ይሠራል። መፈልፈያው ሲዞር ሰው ከሰው አይሰማማም፤ አቧራው ቅንድቡ ላይ ተኝቷል። ሰገን በምልክት ጠራችው፤ ወደ ውጭ ወጡ። ስስ ጃኬት ለብሶ ያስለዋል።

«ጉንፋን ነው?»

«አቧራው ነው።»

«ፌስቡክን አጥብቀህ ተቃውመሃል አሉ።»

«ሰው የማያውቀው ሰው ፊት ምን ያወራል?» አለ መሬት መሬት እያየ። «እኛ አምስት ነን፤ አምስት ይበቃል።»

«ያነጋግሩሃል? አራቱ?»

ፈጥኖ ቀና አለ። «እኔ ፎቶ ነው የምለጥፈው። ወሬ አላውቅም።»

«ጎጆው የት ነው?»

«ሸሸር።»

«ምልክቱ?»

«ምልክት… ሸሸር ብቻ ነው ያሉኝ። ውኃው ዳር።»

አመስግናው ሄደች። ማረው፣ መሪጌታና መባ ሳይጠየቁ የመምህሩን ሞት አንሥተዋል። ባየህ አላነሣም።

ሲመሽ ፔንሲዮኗ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ እንግዶቹ ለንብረት ያሳዩትን ገጽ ፌስቡክ ላይ ፈለገች። «ዘውድ በፎገራ» ይላል፤ የባለቤቱ ስም የለም። ባለ ዘውዷ በጎህ ብርሃን ክንፏን ዘርግታ የሚያሳይ ፎቶ አለ፤ እጅግ ያምራል። አንድ እንግዳ «ወንድሜ፣ እባክህ የት ነው?» ብሎ ለምኖታል። ባለ ገጹም መለሰ፤ ከቁሐር ሚካኤል በታች፣ ደንገሉ ጋ። ከስሩ ሰዎች «አቤት ውበት!»፣ «እጅህ ይባረክ!» እያሉ ጽፈዋል፤ እሱም ለእያንዳንዱ አንድ በአንድ ምስጋና መልሷል። ለአንድ ቃል ሁለት መስመር።

ሰገን የሰዎቹን ቃል ትታ የሱን መልሶች ብቻ ደግማ አነበበች። ረኃብ አየችባቸው።

ከዚያ እንደየምሽቱ የባሏን ስም ከፈተች። የመጨረሻ መልእክቱ አንድ ቃል ናት፤ «ደረስሽ?» ያን ቀን መንገድ ላይ ነበረች፤ ስትደርስ የመጣላት ስልክ መርዶው ነበር። መልሱን ሳትጽፍ ቀረች። አየችውና ዘጋችው።

እሁድ ጧት ቅዳሴው ሳይወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ባለው ዋርካ ስር ሰበሰበቻቸው። መሪጌታ ብቻ ዘግይተው ከማኅሌት ወጥተው መጡ። ሳጅን አለኸኝ ማረውን በካቴና አምጥቶታል። ንብረት ያልተጠራ ቢሆንም በትሩን ተደግፎ ከዳር ቆመ።

«ኢንስፔክተር፣ የመምህሩን የስልክ ጥሪ ዝርዝር ጠይቀናል፤ በሳምንቱ ይመጣል» አላት ሳጅኑ ቀስ ብሎ። «እስከዚያ ብንጠብቅ አይሻልም?»

«ማረው እስከዚያ ይታሰር?» አለችና ወደ ሰዎቹ ዞረች። «አንድ ጥያቄ ነው የጠየቅኋችሁ፤ ‹ጎጆው የት ነው?› ማረው ርብ ዳር አለኝ። መሪጌታ ወላላ አሉኝ። መባ ሸሸር።»

ሦስቱ ተያዩ።

«ርብ?» አለች መባ። «ምን ርብ?»

«አንድ ወፍ ሦስት ቦታ አትጥልም» አለች ሰገን። «መጀመሪያ ትዋሻላችሁ ብዬ ነበር። ግን ሦስታችሁም አንድ ነገር ጨምራችኋል፤ ‹ለእኔ ብቻ ነው የነገሩኝ።› እውነት ነው፤ ለእያንዳንዳችሁ ብቻ የተነገረ ቦታ ነበር። መምህሩ የት እንደምትሰበሰቡ ከመምረጣችሁ በፊት፣ ማን አፉን እንደሚጠብቅ ሊያውቁ ፈለጉ። ቦታው ከወጣ፣ ያወጣው ሰው በቦታው ይታወቃል።»

«ፈትነውናል!» አሉ መሪጌታ። ቅር አላቸው፤ ደግሞም ደነቃቸው።

«ቦታውም ወጣ። ረቡዕ ዕለት እንግዶች መጥተው የንብረትን ሩዝ ረገጡ። የመጡት ግን ርብ አይደለም፤ ወላላም ሸሸርም አይደለም። እዚህ፣ ደንገሉ ጋ ነው። ይህን ቦታ ከእናንተ ማንም አልነገረኝም። ሊነገረው የሚችል ግን አንድ ሰው ቀርቷል።»

ባየህ ሳል ጀመረው።

«ባየህ ሸሸር ነው አለኝ፤ መባ የነገረችኝን ቦታ። ለሁለት ሰው አንድ ቦታ ቢሰጡ ፈተናው ከንቱ ይሆን ነበር። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው። መምህር ደሞዝ ደግሞ መምህር ናቸው፤ ምልክት ሳይሰጡ ቦታ አይናገሩም። ማረው የተሰበረ ድልድይ፣ መሪጌታ የተቃቀፉ ግራሮች፣ መባ መብረቅ የመታው ዋንዛ። መባን እረኞቹ ዋንዛውን ስትዞር አይተዋታል፤ ትናንት ሄጄ ጠይቄአቸዋለሁ። ባየህ ግን ምልክት የለውም። የሸሸርን ስም የሰማው ከመምህሩ ስላልሆነ ነው።»

«ከእኔ ነው» አለች መባ በሹክሹክታ። «ሐሙስ ዕለት። ወይኔ፣ እኔ ነኝ የነገርሁት!»

«አዎ፤ ያለ ወትሮው ዝም ያለውም ለዚህ ነው። ለሷ ሸሸር፣ ለሱ ቁሐር መባሉን ሲሰማ፣ ጎጆው ፈተና እንደነበር ገባው። እሱ ደግሞ ቦታውን ለዓለም ነግሮታል።»

ሳጅን አለኸኝ ግንባሩን አሸ። «ኢንስፔክተር፣ ያወጣው እሱ ይሁን። የገደለው እሱ መሆኑን በምን አወቁ?»

«በጋቢው። እናንተ ነጭ ለብሳችሁ ወደ ጎጆ አትቀርቡም፤ ማረው በሰርግ ቀን እንኳ አልቀረበም። መምህሩ ራሳቸው ጎጆ እንደሌለ እያወቁ፣ በልማድ ብቻ አረንጓዴ ለብሰው ነው የመጡት። ጋቢያቸው ቤታቸው ሚስማር ላይ ነው። ታዲያ ማን ነው ደንገሉ ድረስ ነጭ ለብሶ የመጣው? ጎጆ አለ ብሎ የሚያምን የማኅበሩ ሰው አይደለም። እንግዳም አይደለም፤ እንግዳ ቢሆን ሬሳ ላይ ጋቢውን ጥሎ በብርድ አይሄድም። በዚያ ቦታ ጎጆ እንደሌለ ያወቀ፣ መምህሩንም የሚወድ ሰው ነው። ሁለቱን የሚያሟላ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። እሱም ከትናንት ጀምሮ በስስ ጃኬት ይንቀጠቀጣል።»

ከቅጥሩ ውስጥ የቅዳሴው ዜማ ይሰማል።

«ሐሙስ ማታ ደወሉልኝ» አለ ባየህ። ድምፁ ከወትሮው ከፍ አላለም፤ ሒሳብ የሚያነብ ሰው ይመስላል። «‹ነገ ጧት ጎጆው ጋ ና› አሉኝ። የትኛው ጎጆ አላሉም። እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ስደርስ ስልካቸውን ይዘው ቆመዋል። ‹ባየህ፣ ስማኝ› አሉኝ። እሁድ በሁሉ ፊት ሊያስወጡኝ ነው ብዬ… ከአምስት ሰው ብወጣ ማን ይቀረኛል? ስልኩን ልቀማ ያዝኋቸው። ገፋኋቸው። አዳለጣቸው። ሮጥሁ።»

«ተመልሰሃል» አለች ሰገን።

«መንገዱ ላይ ስደርስ ‹ስማኝ› ያሉት ጆሮዬ ላይ ቀረ። ተመለስሁ። ዘግይቻለሁ። አወጣኋቸው፤ ፊታቸው ሰማይ ሲያይ ማየት አልቻልሁም። ሸፈንኋቸው። ስልካቸውን ቦዩ ውስጥ ጣልሁት።» እጆቹን ዘረጋ። «ሦስት ዓመት ፎቶ ለጥፌአለሁ። ጎህ ሳይቀድ ወጥቼ፣ ውኃ ውስጥ ቆሜ። አንድ ሰው አንድ ቃል አልመለሰልኝም። እዚያኛው ቤት ግን የማያውቁኝ ሰዎች ‹እጅህ ይባረክ› አሉኝ። የት ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው እንኳ ‹ወንድሜ› ነው ያለኝ።»

ማረው በካቴና የታሰሩ እጆቹን አየ። ቀልድ አልመጣለትም።

ሳጅን አለኸኝ የማረውን ካቴና ፈትቶ፣ ስልኩንም መልሶለት ወደ ባየህ ሲሄድ ሰገን አገደችው። «ቆይ። አንድ ሰው ይቀረናል።»

«ማን?»

«መምህሩ። ሐሙስ ዕለት መሐል ከተማ ወጥተው ነበር።»

መሪጌታ ቀድመው ገባቸው፤ አማተቡ። ሕዝቡ ከቅዳሴ መውጣት ጀምሮ ነበር። ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ የአራቱም ስልክ ባንድነት ጮኸ።

መባ ጮክ ብላ አነበበችው።

«እንዴት አደራችሁ ልጆቼ። መሪጌታ፣ እርስዎም እንዴት አደሩ። ዛሬ የወፍ ወሬ አይደለም። ጎጆውን ለየአንዳንዳችሁ ሌላ ሌላ ቦታ ነግሬአችሁ ነበር። ዋሽቻችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ። የእውነተኛውን ቦታ አልነግራችሁም፤ ጫጩቶቹ ግን ወጥተዋል፤ እናታቸውን ተከትለው ይሄዳሉ። ምስጢሩን ያወጣውን አውቄዋለሁ። ይህ ሲደርሳችሁ ከሱ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። ስሙን አልጠራም፤ እናንተም አትፈልጉት። ሰው ቤቱ ተናግሮ መላሽ ሲያጣ መንገድ ወጥቶ ይናገራል፤ የዚህ ቤት አባወራ ደግሞ እኔ ነኝ።

ወደ ምርጫችን ልመለስ። ጨዋታችን እዚሁ ይቆይ፤ ወደ ውጭ ግን አንድ መስኮት እንክፈት። ማረው፣ አሸንፈኸኛል፣ አትንጠባረር። ቦታ አንናገርም፤ ወፏን ግን እናሳያለን። የመስኮቱ ጠባቂ ባየህ ይሁን። ዓይን ያለው ልጅ ነው፤ እስከ ዛሬ አልነገርሁትም። የምትስማሙ እጃችሁን አውጡ።»

መባ ስልኩን ዝቅ አደረገች። ባየህ የራሱን ስልክ አንሥቶ ቃሉን በዓይኑ ፈለገ፤ አገኘው፤ ደጋግሞ አነበበው። ከዚያ ዋርካው ስር ቁጭ አለና ጃኬቱን በፊቱ ላይ ሳበ።

መሪጌታ እጃቸውን አወጡ። ማረው ካቴናው ያቀላውን እጁን አወጣ። መባ አላወጣችም፤ ዞራ ወደ ሜዳው ስታይ ቆየች። ንብረት ነገሩ ባይገባውም ባርኔጣውን አወለቀ።

ባየህን ወስደውት ሲሄዱ ማረው ሰገንን እስከ መኪናው ሸኛት። የማኅበሩን ስም ዝርዝር ከፍቶ አሳያት። «ባለቤቱ አሁንም ጋሽ ደሞዝ ናቸው» አለ። «እሳቸው ካልከፈቱት በሩን የሚከፍት የለም። ምን እናድርገው፣ ኢንስፔክተር? እንተወው ወይስ ሌላ ቤት እንሥራ?»

«መሪጌታን ጠይቃቸው» አለችው። «እስከ መጨረሻው ግን አዳምጣቸው።»

መኪናው ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን ሲይዝ ሜዳው ከኋላ ቀረ፤ ውኃው፣ ሩዙ፣ ነጫጭ ሳቢሳዎች። ሰገን ቤቷ በር ላይ ስትደርስ ከመኪናው ወርዳ ቁልፏን ሳታወጣ ስልኳን ከፈተች። ያቺ ቃል እንደተቀመጠች ናት።

ከስሯ «ደረስሁ» ብላ ጻፈችና ላከች።

አንድ የመላኪያ ምልክት ታየ፤ የመነበቡ ሁለተኛው እንደማይመጣ ታውቃለች። በሩን ከፍታ ገባች።